አዳማጭ ያጣው ክፍል

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት መምህራን ናቸው። አንደኛው ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ናቸው። ሁለተኛዋ የእሳቸው ተማሪ የነበረች፣ አሁን በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምር መምህርት ናት። ቦታው ቃሊቲ፣ ከመናኸሪያው ብዙም የማትርቅ ሻይ ቤት ነው። በደብረ ዘይት መንገድ የሚያልፈው የጭነት መኪና ወሬያቸውን እያቋረጠ ብዙውን ነገር ሁለቴ አስብሏቸዋል፤ እኔ አንዴ ብቻ ጽፌዋለሁ።

አዛውንቱ፦ ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ወረቀት? ፈተና ነው?

መምህርቷ፦ የቤት ሥራ ነው፣ ቲቸር። ዕፅዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ በራሳችሁ አባባል አንድ ገጽ ጻፉ ብዬ ነበር። እስቲ ይቺን ያንብቧት።

አዛውንቱ፦ (መነጽራቸውን አድርገው) እንግሊዝኛው ግሩም ነው።

መምህርቷ፦ ይቺንም። ይቺንም ይጨምሩ።

አዛውንቱ፦ ሦስቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው።

መምህርቷ፦ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት! ቻትጂፒቲ ነው። ጥያቄውን ስልካቸው ላይ ይጽፉና የመጣላቸውን ይገለብጣሉ። አንዱማ መጨረሻ ላይ «ሌላ የምረዳህ ነገር አለ?» የምትለዋን ሳይቀር ገልብጦ አስረክቦኛል።

አዛውንቱ፦ (ይስቃሉ) የእጅ ጽሑፉ እንኳ የራሱ ነው። ኩረጃ አዲስ ነገር አይደለም፣ ልጄ። ድሮም ጠዋት ጠዋት የጎበዙ ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

መምህርቷ፦ ይዞር ነበር። ግን ያኔ ጎበዙም ይሳሳታል። አንድ ዓይነት ስሕተት አምስት ደብተር ላይ ሲያገኙ ማን ከማን እንደገለበጠ ብቻ ሳይሆን፣ ልጆቹ የቱ ጋ እንደጠፋባቸውም ያውቁ ነበር። አሁን ስሕተት የለም። እዚህ ከያዝኩት ወረቀት አንዱም ስሕተት የለበትም። ስሕተታቸውን ካላየሁ ነገ ምን ብዬ ላስተምራቸው?

አዛውንቱ፦ ታዲያ በየሥልጠናው ምን ይሏችኋል?

መምህርቷ፦ «የመምህሩ ሚና ተለውጧል» ይሉናል። እውቀት ሰጪ መሆናችሁ ቀርቶ አመቻች ሆናችኋል፣ ተማሪ ተኮር ሁኑ። ውሃና ብስኩት ይሰጡናል፤ ፈርመን እንመለሳለን።

አዛውንቱ፦ እንደሱ ያለ ነገር እኔም ፕላዝማ ሲመጣ ሰምቻለሁ። ታስታውሺያለሽ?

መምህርቷ፦ እንዴት እረሳለሁ! እኛ እኮ የፕላዝማ ልጆች ነን። እርስዎ በሩ አጠገብ ይቆማሉ፣ ቴሌቪዥኑ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ከግድግዳው ላይ ይንጠለጠላል።

አዛውንቱ፦ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው የጀመረው። ትምህርቱ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በሳተላይት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በአንድ ሰዓት ይተላለፋል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሲቪክስ። ከክፍለ ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ያህሉን ይወስደዋል። ለኔ የተረፈችኝ ከፊት ማስተዋወቂያ፣ ከኋላ ማጠቃለያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ነበረች። ጅማና ጎንደር ያለው ልጅም ቃሊቲ ያለውም በዚያች ደቂቃ ያንኑ ገጽ ያያል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ መምህር የሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት ብዙ ነበር፣ ላቦራቶሪ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሙከራውን በምስል አየ። ግን ቁም ቢሉት አይቆምም። መብራት ከጠፋ ምዕራፉ አለፈ።

መምህርቷ፦ ደግሞ ጥያቄ ይሰጠንና ሰዓት ይቆጥራል። ጥያቄውን አንብበን ሳንጨርስ «በጣም ጥሩ!» ይለናል።

አዛውንቱ፦ ማንም አፉን ሳይከፍት! የኔን ንዴት አልነግርሽም። ያልሰማውን መልስ የሚያመሰግን መምህር ያኔ ነው ያየሁት።

መምህርቷ፦ የርስዎን ክፍለ ጊዜ እናስታውሰዋለን እኮ። አንዳንዴ ያጠፉት ነበር።

አዛውንቱ፦ መብራት ጠፋ እል ነበር። ይኼን አትጻፍብኝ። (ይህን ያሉት ወደኔ ዞረው ነው፤ ጡረታ ከወጡ ስለቆየ ጻፍኩት።)

መምህርቷ፦ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ቲቸር። አሁን ያለው ነገር ፕላዝማ አይደለም። ፕላዝማ ይናገራል፣ አይሰማም። ስልኩ ግን ይመልሳል። እናቷ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለችኝ። ማታ እናቷ ስትገባ ስልኩን ትቀበልና ክፍል ውስጥ ያልገባትን በአማርኛ ትጠይቀዋለች። «እንደገና ቀለል አድርገህ አስረዳኝ» ትለዋለች። እኔ ለስልሳ ልጅ ሁለቴ ማስረዳት አልችልም፤ እሱ አሥሬም ያስረዳታል። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ጠዋት መጥታ «ቲቸር፣ እንዲህ ብሎኛል፣ ልክ ነው?» ትለኛለች። እሷ ላይ ምን ክፋት አለው?

አዛውንቱ፦ ምንም። ግን ጠዋት አንቺ ጋ መምጣቷን ልብ በይ።

መምህርቷ፦ ከስልሳው አንዷ ናት እንጂ!

አዛውንቱ፦ የኮሮና ጊዜስ? ያኔ እኔ ቤት ነበርኩ።

መምህርቷ፦ መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቴሌግራም ቡድን ከፍተን ማስታወሻና ጥያቄ እንልክ ነበር። ከክፍሌ ግማሹ ቡድኑ ውስጥ አልነበረም፤ ስልክ ከየት ያምጣ? የነበረው ግማሽ ደግሞ ፎቶ እያነሳ ይልካል። መላክ ተማረ፤ ባዮሎጂ መማሩን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ የመማሪያ መጽሐፉም በፒዲኤፍ መጣ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ታትሞ ስላልደረሰ ልጆቹ ከስልክ ነው ያነበቡት፤ ስልክ የሌለው ከጎረቤቱ ትከሻ ላይ።

አዛውንቱ፦ እኔ ሁሌም የሚታየኝ የየኔታ ደጅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው። ሃምሳ ልጅ እንሆናለን፤ ሁላችንም የተለያየ ቦታ ላይ ነን። አንዱ ፊደል፣ አንዱ አቡጊዳ፣ ሌላው ዳዊት። የኔታ ሁላችንን አንድ ላይ አስተምረው አያውቁም። በተራ እንቀርባለን፣ እናነባለን፣ ያዳምጣሉ። አንዲት ፊደል ከተሳሳትን ይመልሱናል። ያልቻለ አያልፍም። እኔ መምህርነት ማለት ይኼ ይመስለኛል፤ ዋናው ሥራ ማዳመጥ ነው።

መምህርቷ፦ አለንጋውንስ ረሱት?

አዛውንቱ፦ አልረሳሁትም።

መምህርቷ፦ ቁንጥጫውን፣ መንበርከኩን? ትርጉሙ ሳይገባው ዳዊት የደገመውን ልጅ? እኔ ሴት ነኝ፤ በእርስዎ ጊዜ የኔታ ደጅ ስንት ሴት ነበረች?

አዛውንቱ፦ በኛ ደጅ አንዲትም። ይኼ እውነት ነው። ጎጃም ላይ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔ አስተምረዋል፤ ከአባታቸው ተምረው የአባታቸውን ወንበር ይዘው። ግን እሳቸውን የምንጠራው ብቸኛ ያህል ስለሆኑ ነው። አለንጋውን መልሺ አላልኩሽም። ቃል በቃል መሸምደዱንም አይደለም። ግን ንባብ ቤቱን ብቻ አይተሽ አትፍረጂ፤ ቅኔ ቤት ሂጂ። እዚያ የሌላውን ቅኔ ይዘሽ ብትቀርቢ ማንም አይቀበልሽም። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ጫካ ለጫካ ብቻውን ሲቆጥር ይውላል፤ የራሱን ሠርቶ መምህሩ ፊት ይናገራል። መምህሩ ሰምተው ያርሙለታል፤ ቤቱ ተሰብሯል፣ ምሥጢሩ አልገጠመም ይሉታል። በማግሥቱ ሌላ ይሠራል። እስቲ ንገሪኝ፣ ቻትጂፒቲሽ እዚያ ምን ይጠቅመዋል?

መምህርቷ፦ (ትንሽ ዝም ካለች በኋላ) እዚያ አይጠቅመውም። መምህሩ ፊት ቆሞ «ለምን እንዲህ አልክ?» ሲባል ያልቅበታል።

አዛውንቱ፦ እዚሁ ቃሊቲ መንጃ ፈቃድ የሚፈተነውን ሰው አታዪም? የጽሑፉን ሸምድዶ ያልፍ ይሆናል፤ መሪውን ጨብጦ ወደኋላ ግባ ሲባል ግን የሚረዳው የለም። ፈታኙ አጠገቡ ነው።

መምህርቷ፦ የኛም ልጆች ወደኋላ ግቡ የተባሉት የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ነው። የ2014ቱ ማለቴ ነው፤ ፈተናው የተሰጠው በ2015 መጀመሪያ ነበር። ከ896 ሺህ በላይ ልጅ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነ። ሠላሳ ሺህ አይሞላም። ዘንድሮስ ይሻላል ስንል በሚቀጥለው ዓመት 3.2 ከመቶ። የ2017ቱ ተሻሽሎ 8.4 ከመቶ ነው።

አዛውንቱ፦ ሰው ያኔ ትምህርት ዛሬ ወደቀ ብሎ ጮኸ። መውደቁ የቆየ ነው። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ሾልኮ ወጥቶ አገር አቀፉ ፈተና ሲሰረዝ አላየንም? እኔን የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርድ ተሰጥቷቸዋል። ሰባና ሰማንያ የሚል ካርድ። ያንን ቁጥር የጻፈ መምህር አለ። ምን ሰምቶ ጻፈው?

መምህርቷ፦ እኔም ጽፌያለሁ፣ ቲቸር። ምን እንደምንሰማ ልንገርዎት። ተከታታይ ምዘና የሚባል አለ፤ የቤት ሥራ ይኼን ያህል፣ የቡድን ሥራ ይኼን ያህል፣ ደብተር ይኼን ያህል። ቡድኑ አምስት ልጅ ነው። አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ አምስቱም ዘጠኝ ከአሥር ያገኛሉ። አንድ ለአምስት ሲባል የነበረው ማለት ነው።

አዛውንቱ፦ አንድ ለአምስት! ሐሳቡ ከየኔታ ደጅ የተሰረቀ ይመስል ነበር። እዚያም ዳዊት የደረሰው ለፊደሉ ልጅ ያስቆጥረዋል። አቶ አስፋው የምሩም ራሳቸው ልጅ ሳሉ ነው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዛፍ ሥር የጎዳና ልጆችን ማስተማር የጀመሩት፤ ያ ነገር አድጎ አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ሆነ። ልጅ ልጅን ያስተምራል፣ እውነት ነው። ግን የኔታ ደጅ የዳዊቱ ልጅ ያስቆጠረውን በኋላ የኔታ ራሳቸው ያዳምጡታል። ማርኩ ለአምስቱ እኩል አይታደልም። የኛው ደግሞ ወዲያው ሪፖርት ሆነ፤ የቡድን ስም፣ የሰብሳቢ ስም፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ።

መምህርቷ፦ እሺ፣ ላዳምጥ። እኔ እምቢ አላልኩም። ሒሳብ እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ያስሉት። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው። ስም ጠርቼ፣ ጸጥ አሰኝቼ ሠላሳ አምስት ይቀረኛል። ስልሳ ልጅ አለ። ለአንዱ ልጅ ሠላሳ አምስት ሰከንድ አይበልጥም፤ እሱም አዲስ ነገር ካላስተማርኩ ነው። እንደዚህ ያለ ክፍል ደግሞ አምስት አለኝ። ሦስት መቶ ልጅ ማለት ነው። የስሙን ግማሽ የማላውቀውን ልጅ ምኑን ላዳምጠው?

አዛውንቱ፦ (ዝም ይላሉ።)

መምህርቷ፦ ልጨምርልዎት። በ2016 በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡ ቤተሰቦች ልጆች በዓመቱ መሀል ነው እኛ ጋ የተመዘገቡት። ሰፈራቸው ፈርሷል፣ ጓደኞቻቸው ተበትነዋል፤ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው በመስኮት ያያሉ። እነሱ ባዮሎጂ ከመማራቸው በፊት የሚያናግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። የክፍል ኃላፊ ነኝና ያ ሰው እኔ ነኝ። ታናናሾቻቸው በሚማሩበት የመጀመሪያ ደረጃ የምታስተምር ጓደኛዬ ደግሞ የምገባውን ሰልፍ ታስከብራለች። በነገራችን ላይ እሱን አልነቅፍም። ከ2012 ጀምሮ የከተማው ምገባ ከመጣ ወዲህ ጠዋት ጭልም ብሎበት የሚወድቅ ልጅ ቀርቷል ትላለች። ይኼ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል። ግን ያም የመምህር ሰዓት ነው። ሕዝብ ሲቆጠር ቆጣሪ እኛ፣ ምርጫ ሲመጣ አስፈጻሚ እኛ።

አዛውንቱ፦ በኛም ጊዜ እንዲያው ነበር። በ1967 እድገት በኅብረት ብለው ዘመቻ ላኩን። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ እዚህ አቃቂ ማታ ማታ የፋብሪካ ሠራተኛ አስተምሬአለሁ። በ15 ቋንቋ ነው በየክፍለ ሀገሩ የተሰጠው፤ ዩኔስኮም ሸልሞታል። የዚያ ሥራ ደስታው ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ማወቁን ለማወቅ ፎርም አያስፈልግም። ጋዜጣ እሰጠዋለሁ፤ ያነባል ወይም አያነብም። ሽማግሌ ሸማኔ የራሱን ስም ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ጽፎ ሲያነበው አጠገቡ ነበርኩ።

መምህርቷ፦ የዚያን ጊዜ መምህር ደሞዙ ይበቃው ነበር።

አዛውንቱ፦ እንደዚያ እንኳ አትበይ። የካቲት 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙት አንዱ በደሞዝ ነው፤ ሌላው የትምህርቱ ዘርፍ ጥናት የድሃውን ልጅ ከላይኛው ትምህርት ያስቀረዋል ብለው። አብዮቱን ካቀጣጠሉት አንዱ እሱ ነበር። መምህር ጠግቦ አያውቅም፤ ግን ይከበር ነበር። ሠርግ ላይ የላይኛው ወንበር የመምህር ነው። ቤት አከራይ እንኳ መምህር ሲሆን ይለሳለሳል።

መምህርቷ፦ አሁን አከራይ «መምህር ነኝ» ስንለው ቅድሚያ ክፈሉ ይለናል። እኔ ከዚህ ተነሥቼ ሁለት ቤት አስጠናለሁ፤ አንዱ ጋ ሦስት ልጆች ናቸው። የሚገርምዎት፣ እዚያ ያሉትን አዳምጣለሁ። እያንዳንዳቸው የቱ ጋ እንደሚሳሳቱ አውቃለሁ። ወላጆቻቸው ስለሚከፍሉኝ ነው። የክፍሌ ልጆች ግን ሦስት መቶ ናቸው። እርስዎ ያሉት የኔታ ዛሬም አለ፣ ቲቸር። በገንዘብ ይገዛል።

አዛውንቱ፦ ይኼን የነገርሽኝ ከሁሉም ይከፋል።

መምህርቷ፦ እውነቱ ነው እንጂ። «የመምህር ሚና ተለወጠ» ሲሉ ለእኔ የሚታየኝ ይህ ነው። ማስታወሻውን ስልኩ ይሰጣል፣ ማስረዳቱንም ይችላል። ለመምህር የቀረው አጠገብ ተቀምጦ የልጁን መልስ መስማት ነው። ያ ደግሞ ውድ ሆነ። ታብሌት ቢያድሉ ክፍሉ ስልሳ ከሆነ ዋጋ የለውም። ክፍሉን ሠላሳ ያድርጉልኝ፤ ጠመኔ ብቻ ይበቃኛል።

አዛውንቱ፦ ሠላሳ እስኪሆን ግን ምን ታደርጊያለሽ? እነዚህ ልጆች እኮ ነገም ይመጣሉ።

መምህርቷ፦ አንድ ያሰብኩት አለ። የቤት ሥራውን ማርክ ላጥፋው። ይጻፉት፣ ከፈለጉ ከስልኩ ይገልብጡት። ማርኩ ግን የሚሰጠው ዕጣ ወጥቶ በየቀኑ አምስት ልጅ ተነሥቶ የጻፈውን ወረቀት ሳያይ ሲያስረዳ ነው። «ቅጠሉን ጨለማ ውስጥ ብናስቀምጠውስ?» ብዬ አንዲት ጥያቄ እጨምርበታለሁ። ማን እንደሚጠራ ስለማያውቁ ሁሉም ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ሱፐርቫይዘሩ ቼክሊስቱ ላይ ቦታ የለውም ይለኛል፤ ይበለኝ።

አዛውንቱ፦ በአንድ ወሰነ ትምህርት አንዱን ልጅ ስንቴ ትሰሚዋለሽ?

መምህርቷ፦ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ። ያንሳል፤ አውቃለሁ።

አዛውንቱ፦ እኔ ከምሳ በኋላ ምን ሥራ አለኝ? እዚህ ተቀምጬ ባቡሩ ቃሊቲ ደርሶ ሲመለስ አያለሁ። በዚህ ሰፈር ብቻ የማውቃቸው ጡረታ የወጡ መምህራን ብዙ ናቸው፤ ዳማ እየተጫወቱ ይጣላሉ። ተረኛ ያልሆኑትን ልጆች አምስት አምስት እያደረግሽ ላኪልን።

መምህርቷ፦ እርስዎ ባዮሎጂ ያውቃሉ?

አዛውንቱ፦ አላውቅም። ግን ልጁ የሚያስረዳኝ ነገር ካልገባኝ «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት እችላለሁ። በሦስተኛው ድጋሚ ያልገባው የትኛው እንደሆነ ራሱም ያውቀዋል። የቱ ጋ እንደተደናቀፈ ጽፌ እልክልሻለሁ፤ ትክክልና ስሕተቱን አንቺ ፍረጂ።

መምህርቷ፦ ርዕሰ መምህሩን ልጠይቅ። ግቢ ለማስገባት ደብዳቤ ይጠይቁ ይሆናል።

አዛውንቱ፦ ደብዳቤውን እኔ እጽፈዋለሁ። በእጄ።

ርዕሰ መምህሩ ይኼን እስከጻፍኩበት ቀን መልስ አልሰጡም። ይህን የምታነቡ ጡረታ ላይ ያላችሁ መምህራን ግን የማንንም መልስ መጠበቅ የለባችሁም፤ በሰፈራችሁ ያለውን ትምህርት ቤት በር አንኳኩና ከሰዓት በኋላ አምስት ልጅ ስጡን በሏቸው። እናንተም ርዕሳነ መምህራን በሩን ክፈቱላቸው፤ ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ አግዳሚ ወንበርና ጥላ ያለበት ቦታ ይበቃል።